ዛፉ ይጠበቅ፣ ጥላው ይታጠር

አውበሬ ላይ ቁርቁራ ሲያረጅ ሥራ ይበዛበታል እንጂ ጡረታ አይወጣም። ሶማሌው ጎብ ይለዋል። ፍሬውን ልጆችና ፍየሎች ይሻሙበታል። ቅጠሉ ደርቆ ሲፈጭ ቀሲል ይሆናል፤ ሴቶች ፊታቸውንና ጠጉራቸውን ይታጠቡበታል፣ አሁን አሁን ደግሞ ታሽጎ ባሕር ማዶ ላሉ ልጆቻቸው ይላካል። ሰው ሲሞትም ገላው በቁርቁራ ቅጠል ውኃ ታጥቦ ነው የሚከፈነው። ሙሽራንም ሬሳንም እኩል የሚያስተናግድ ዛፍ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ባለጉዳይ ሁሉ ጥላው ሥር ሰብስቦ ሲያዳኝ ይውላል።

ከተማዋ ከጅግጅጋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ ናት። አዲስ አበባ በተሣለ ካርታ ላይ ለረጅም ዘመን ተፈሪ በር ነበረች፤ ዛሬ እዚያው ባረፉት ሼኽ በአው በሬ ስም ትጠራለች። የከተማው ስም ሲቀያየር ዛፉን ስምህን ቀይር ያለው አልነበረም። ሰሌዳ ስላልነበረው ይሆናል።

ቀትር ላይ ነው ዛፉ የሚሞላው። ከአፈር የወጡት የሥሩ ጉብታዎች ከመቀመጥ ብዛት ተልጠዋል፤ የትኛው ጉብታ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ እንግዳ ሳያውቅ ቢቀመጥበት ማንም አይናገረውም፣ ባለቤቱ ሲመጣ ግን ሰው ሁሉ ወደዚያ ያያል። ጢማቸውን ሒና የተቀቡ ሽማግሌዎች በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ስለ አንዲት ግመል ይከራከራሉ። ግመሏ ከሞተች ቆይታለች። ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ሽማግሌውን እንደ አጎት ጠርታ «አዴር፣ ስኳር ልጨምር?» ትላለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ትጨምራለች። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ ጉዳዩ ዛሬ ካላለቀ ነገ ይቀጥላል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም፤ ሁሉም ይዞታል።

ይህ የሶማሌ ብቻ ወግ አይደለም። ኦሮሞው ሕጉን በኦዳ ሥር ያወጣል፤ አማራው በዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀምጦ በላ ልበልሃ ሲባባል ኖሯል፣ አድባር ብሎ ቡና ያፈላበት ዛፍም ብዙ ነው። ዓለምም ቢሆን ዘግይቶ አውቆታል። የገዳ ሥርዓት በ2009፣ የአውበሬ ጎረቤቶች የዒሳዎች ሔር የተባለው የቃል ሕግ ደግሞ በ2017 ኅዳር ወር በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ሕጉ እንግዲህ የዓለም ቅርስ ነው። ሕጉ የሚነገርበት ዛፍ ግን ከሰል ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚከለክል መዝገብ የለም።

ድንበሩን ተሻግሮ ቅርብ የሆነው የቦረማ ከተማም የሚነግረን አለ። በ1985 ዓ.ም. የሶማሌላንድ ሽማግሌዎች ቦረማ ላይ ለወራት ተቀምጠው፣ ጦርነት ያደቀቀውን አገራቸውን ቻርተር ሰጡት፣ መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን መረጡለት፣ ራሳቸውንም ጉርቲ ብለው የላይኛው ምክር ቤት አደረጉ። ዓለም ይህን እስከ ዛሬ እየጠቀሰ ያደንቃል፤ እኔም አደንቃለሁ። የጉርቲው ዘመን ግን ከዚያ ወዲህ እየተራዘመ እየተራዘመ እዚህ ደርሷል፤ አባሉ ሲሞት ወንበሩ ለዘመድ ይተላለፋል። ዛፍ ውጭ ሲቆም በየዓመቱ ቅጠሉን ያራግፋል። ቢሮ ከገባ አያራግፍም።

አሁን ወደ ኮሚቴው ልምጣ። ይህ ኮሚቴ በየትኛውም ከተማ የለም፤ ስለዚህ በየከተማው ልታገኙት ትችላላችሁ። ስሙ «ታሪካዊ ዛፎችን የመንከባከብ ዐቢይ ኮሚቴ» ነው እንበል። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ከየጽሕፈት ቤቱ የተወከሉ ቅርንጫፎች አሉት። ሥር የለውም። የመጀመሪያ ስብሰባውን አዳራሽ ውስጥ አደረገ፤ የአካባቢው ሽማግሌም በክብር እንግድነት ተጠርተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው አጀንዳ የዛፉ ታሪካዊነት ነበር። ዛፉ የልደት ካርድ አላቀረበም። አንድ አባል፣ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ሲያልፍ ሥሩ አርፎ እንደሆነ ይጣራ አሉ፤ ፈረንጅ ያረፈበት ከሆነ ታሪካዊ ነው፣ የእኛ ሰው ብቻ ያረፈበት ከሆነ ግን ተራ ጥላ ነው። ሌላው የሕግ ሰው ነበሩ። በ1986 ወጥቶ የነበረው የደን አዋጅ እንዳይቆረጡ በስም የጠራቸው ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ መሆናቸውን አስታወሱ። እነዚህ ስማቸው ያለ ናቸው፤ ደጋ የተወለዱ፣ ዘመድ ያላቸው። ቁርቁራ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ።

«ስሙ ስለሌለ ነው የሚቆረጠው?»

«አዴር፣ አይቆረጥም። በስሙ ላይ እየቆረጥን ነው» አሉ ሰብሳቢው፤ ኮሚቴው ቆራጥ ነበር።

ሁለተኛው አጀንዳ ይዞታ ሆነ። የ1161/2011 አዋጅ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ባለይዞታው ላፈራው ቋሚ ተክል ካሳ ያስከፍላል። ለቡናው፣ ለማንጎው፣ ለጫቱ ገማች ወጥቶ ይቆጥራል። መንገድ ዳር የቆመው ቁርቁራ ግን የማንም ግቢ ውስጥ አልነበረምና ባለይዞታ የለውም። ለእርሱ ካሳ የሚጠይቅ ቢመጣ ካርታ አምጣ ይባላል። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሁሉ ያጠላ ዛፍ በሰነድ ሲታይ የማንም አይደለም፤ የሁሉም የሆነ ነገር ሰነድ ፊት ሲቀርብ እንዲህ ነው የሚሆነው። ቤት ቁጥር ሳይኖራቸው ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ቦታ ሥር የሰደዱ ሌሎችም ይህን ያውቁታል። ዛፎች ማለቴ ነው።

በ2016 አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ፣ በ2017 ካዛንቺስ ላይ ብዙ ሥር የሰደዱ ተነሥተዋል። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ ተዛውረው የተተከሉ አሉ። በአትክልት ሙያ ትልቅ ዛፍ ማዛወር ይቻላል፤ ባለሙያው ግን ቀደም ብሎ ወራት ሲያልፍም ዓመት ወስዶ ሥሩን ዙሪያውን በየተራ ይቆርጣል፣ ግንዱ አጠገብ አዲስ ጭራ ሥር እስኪያወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ከነአፈሩ ያነሣዋል። አፈሩ ከተራገፈ አይሆንም። ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ ደንበኛውን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ ይህን ሁሉ ማለቴ የዛፍ አፈር ማለቴ ነው። በሦስት ቀን ማስታወቂያ የተነሣ ዛፍ አዲሱ ቦታ ላይ ቆሞ ይታያል፤ መቆሙ መጽደቁ አይደለም።

ፀሐይ ሲያቃጥለኝ ስፈልግ ከለላ፣
የማምናት ዋርካ ሄደችብኝ ጥላ።

በተነሡት ቦታ ምን ተተከለ ለሚለኝ ዘንባባ ነው። ዘንባባ ጥሩ ዛፍ ነው፤ በወርድ የሚወስደው ቦታ ትንሽ ነው፣ መብራት ቢጠመጥሙበት አያጉረመርምም፣ በፎቶ ሲነሣ ባሕር ያለ ያስመስላል። ጥላው ለገዛ ግንዱ አይበቃም። ይህ እንደ ጉድለት ሲነገር ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ዋናው ብቃቱ ይመስለኛል። ጥላ የሌለው ዛፍ ሥር ማንም አይቀመጥም፤ ማንም ካልተቀመጠ ማንም አይወያይም። አሮጌ ቁርቁራ ሥር በአንድ ቀትር የሚነገረውን ጉዳይ ዘንባባ ሺህ ሆኖ ቢደረደር ዓመት ሙሉ አይሰማውም።

ችግኝ የሚወደደውም ለዚሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ደግሞ ከ700 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ሰምተናል። ስንቱ ጸደቀ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዕቅዱ ጸድቋል፣ በጀቱ ጸድቋል፣ ሪፖርቱም ያለ ተቃውሞ ጸድቋል። ከዚህ በላይ ጽድቅ የሚሻ መናኝ ብቻ ነው። ደግሞም ለችግኝ ትልልቅ ሰዎች ሲንበረከኩ ማየት ደስ ይላል፤ ሌላ ቦታ አይንበረከኩም። አሮጌ ዛፍን ለማየት ግን ቀና ማለት ያስፈልጋል። ቀና ሲሉ ባርኔጣ ይወድቃል።

ከተተከሉት መካከል ያለ ልክ የጸደቀም አለ፤ እርሱን አለማንሣት ግፍ ነው። ፕሮሶፒስ በደርግ ጊዜ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከባሕር ማዶ መጣ። ድርቅ አይበግረውም። ፍሬውን ከብትና ፍየል ይበሉታል፣ ዘሩን በፋንድያቸው ሩቅ አገር ያደርሱለታል፤ በራሱ እግር አንድ እርምጃ አይራመድም፣ በበሉ ሆዶች ነው የሚስፋፋው። ሣሩን አጥፍቶ መንገዱን በእሾህ ይዘጋል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው አምስት ስድስት ሆኖ ይወጣል። አፋር ውስጥ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወስዷል፣ ሶማሌ ክልልም ገብቷል። አፋሮች ስም ሲያወጡለት ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ አሉት። ዘመን ሲለወጥ ደግሞ ወያኔ የሚሉት መጡ። ዛፉ ያው አንድ ዛፍ ነው። የዛሬ ስሙን ሰምቻለሁ ብዬ አልምልም።

አውበሬ አካባቢ ዛፍ የጨረሰው ማን ነው ሲባል ጣት የሚቀሰረው ስደተኛ ላይ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ በእግሩ ድንበር ተሻገረ፤ ሐርትሼክ የዓለም ትልልቅ ከሚባሉት መጠለያዎች አንዱ ሆነች፣ ተፈሪ በርና ደርወናጂም ሞሉ። ያ ሁሉ ሰው እርዳታ ስንዴ ተሰጠው። ስንዴ ጥሬውን አይበላም፤ ማገዶውን ግን የሰጠው የለም። እናት ልጇን ለማብላት ገደል ድረስ ሄዳ ግራር ሰበረች። ሐርትሼክ በ1996 ተዘጋ፤ በ1999 ደግሞ ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ለሸሹት አውበሬ ላይ አዲስ መጠለያ ተከፈተ፣ ሸደርም ተከተለ። በዚህኛው ጊዜ የታሰበበት ነገር ነበር፤ ጋያ የተባለ የአገር ውስጥ ድርጅት ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚመጣ ኤታኖል የሚነድ ምድጃ ለስደተኞቹ አደለ። አንድ እቃ ምድጃ ላይ ሲጣድ አንድ ግራር ይቆማል። እንዲህ ያለው ሥራ ሪቫን አይቆረጥበትም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ከሰሉን የሚጨርሰው ግን መጠለያ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ አልነበረም። በሌሊት የሚጫን ጆንያ ከተማ ነው የሚገባው፤ ጆንያውን ኬላ ላይ የሚያየውም ሥራው ማየት ነው። ምስጥ ሲበላ ቅርፊት አይነካም። ከውጭ ሲታይ ግንዱ ሙሉ ነው፣ ኖራ ቀብተውት ደግሞ ያምራል፤ ኮሚቴ ሲመጣ ቅርፊቱን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። ውስጡን የሚያውቀው ግንደ ቆርቁር ብቻ ነው፤ እርሱም ሲያንኳኳ ዛፉን አቆሰልክ ተብሎ ይታሰራል።

ጎንደር ያየ ሰው የፋሲለደስን መዋኛ ያስታውሳል። የግንቡን አጥር የዋርካዎቹ ሥር እንደ ጣት ጨብጦታል። ድንጋዩን የሰነጠቀው ሥሩ ነው፤ ድንጋዩን እስከ ዛሬ አቅፎ የያዘውም ሥሩ ነው። ሥር ነቀል እርምጃ እንውሰድ የሚል ቢመጣ አጥሩ አብሮ ይወርዳል። ነቅለው የማያውቁ ሰዎች ይህን ለማየት ጎንደር መሄድ አለባቸው። ነቅለው የሚያውቁት የትም አይተውታል።

አዲስ አበባም ከዛፍ ጋር የቆየ ሙግት አላት። ማገዶ አልቆባት ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር፤ ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ ከተማዋን አስቀራት። ጥቂት ቆይቶ ይኸው ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል ተብሎ እንዲነቀል አዋጅ ወጣበት። ሕዝቡ አዋጁን ሰማ፣ እጅ ነሣ፣ ባሕር ዛፉን ጨምሮ ተከለ። እንደዚያ ያለ ታዛዥ ሕዝብ ይባረክ።

ያለ አዋጅ የቆየ ዛፍ የፈለገ ደቡብ ጎንደር ይሂድ። ዙሪያው ገላጣ እርሻ ሆኖ፣ ወይራውና ጽዱ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑን ከብቦ ነው። ሐረርና ጅግጅጋ ወገን ደግሞ የአውሊያ ቀብር አጠገብ ያለ ዛፍ ቅርንጫፉ አይሰበርም። በግዝት የቆየ ዛፍ ዘበኛ ቀጥሮ አያውቅም፤ ደመወዝም አልጠየቀም።

ኮሚቴያችን ግን ዘበኛ ያስፈልጋል አለ። ሦስተኛውና ዋናው አጀንዳ ይኸው ነበር። ባለሙያው ተነሥተው፣ የዛፍ ሥር አብዛኛው ከላይኛው የአፈር ክፍል እንደሚኖር፣ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ እንደሚዘረጋ፣ ግንዱን በሲሚንቶና በሴራሚክ ቢከብቡት ትንፋሽ እንደሚያጥረው አስረዱ። ተጨበጨበላቸው። ከዚያ በሲሚንቶና በሴራሚክ እንዲከበብ ተወሰነ፤ ሴራሚኩ ግዢ ላይ ስለነበር። በላዩ የብረት አጥር ይታከልበታል፤ ማታ አረንጓዴ መብራት ይበራበታል፤ መግለጫው በሦስት ቋንቋ ይጻፋል። ሥሩ መቀመጥ፣ መጋደም፣ ሻይ መሸጥ፣ መሰብሰብና ስለ ግመል መነጋገር ይከለከላል፣ ዛፍ የሚሞተው በሰው ትንፋሽ ነውና።

«አዴር፣ ደስ አላችሁ? ዛፋችሁን ጠበቅንላችሁ» አሉ ሰብሳቢው።

ሽማግሌው በትራቸውን ከጭናቸው አነሡ። «ጠብቁልን አላልንም። ተዉልን ነው ያልነው። ለመሆኑ ክርክር የሚኖረው ሰው ወዴት ይሂድ?»

ለዚህ መልስ ነበር። ለክርክር ጽሕፈት ቤት ይከፈታል፤ ቅርንጫፉ አውበሬ፣ ዋናው ጅግጅጋ፣ ይግባኙ አዲስ አበባ። ባለጉዳይ ሰኞና ረቡዕ ይስተናገዳል። አንድ ወጣት አባል፣ ዛፍ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል ሲባል አልሰማችሁም ወይ ብሎ ሊናገር ከጀለ፤ ጎኑ ያሉት ሸሚዙን ጎተቱት፣ ንግግሩም በቃለ ጉባኤው «አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ገባ።

አጥሩ ታጠረ፣ ዘበኛውም ተቀጠረ። የሥራ ዝርዝሩ ማንም ጥላው ሥር እንዳይቀመጥ መጠበቅ ነው፤ ማንም ማለት እርሱንም ይጨምራል፣ ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሁለተኛ ወሩ ላይ ራሱን አዞረውና ማመልከቻ ጻፈ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጉዳዩን መረመረ፤ ለዘበኛው አንድ ጃንጥላ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሦስት ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። ጅግጅጋ ገበያ ላይ ያሉት ጃንጥላዎች ሁሉ የኮንትሮባንድ ሆነው ተገኝተዋል።